ዘጠኝ ቦታ፣ ሁለት ሕፃናት፣ አንዲት ቅዳሜ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ሐምሌ ላይ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ለንደን፣ እህቴ ዘንድ እንሄዳለን። የምንሄደው ለልጇ ክርስትና ስለሆነ ቀናችን ሁሉ በቤተ ዘመድ የተያዘ ነው። ለራሳችን የምትተርፈን አንዲት ቅዳሜ ብቻ ናት። እሷንም እህቴ ሥራ ስለምትገባ አብራን አትወጣም። ወንዱ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዳይኖሰር ሲባል ነፍሱ ትወጣለች። ሴቷ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከምሳ በኋላ ካልተኛች ማንንም አታስቀምጥም። ባለቤቴ ዘጠኝ ቦታ ጽፎ ይዟል፦ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት፣ ቢግ ቤን፣ ለንደን አይ የሚባለው ግዙፍ መንኮራኩር፣ የጥንቱ ምሽግ ታወር ኦፍ ለንደን፣ ታወር ብሪጅ፣ የሰም ምስሎች ያሉበት ማዳም ቱሶና ሃይድ ፓርክ። ‹ይህን ሁሉ ከፍለን ሄደን ሳናይ ልንመለስ ነው?› ይለኛል። እኔ ገና ሳስበው ወገቤን ያመኛል። ይቻላል ወይ? የልጅ ጋሪ እንያዝ ወይስ ይቅር? ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ልጅ ቢጠፋብንስ? — የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ»

እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ፤ ዘጠኙ አይቻልም። ልጅ ያልያዘ ሰው እንኳ ከጠዋት እስከ ማታ ሮጦ ከደጅ አይቶ ያልፋቸው እንደሆነ እንጂ አይገባባቸውም። ታወር ኦፍ ለንደን ብቻውን ግማሽ ቀን ይበላል።

ባለቤትሽን ግን አልፈርድበትም። የቪዛው ጣጣ፣ የአውሮፕላኑ ዋጋ፣ ለክርስትናው የሚያዘው ስጦታ ሲደመር ማን ዝርዝር አይጽፍም? ክርክሩን በ«ይቅር» ከጀመርሽው ቅዳሜዋ በኩርፊያ ታልቃለች። ስለዚህ ወረቀቱን አትቅደጂበት። አጠገቡ ቁጭ በይና ዘጠኙን አብራችሁ ደልድሉት። የሚገባበት አንድ ብቻ ይሁን። ጥቂቶቹ እግረ መንገድ የሚታዩ ናቸው። የቀሩት ለሌላ ቀን ወይም ለሌላ ሰው ይተላለፋሉ።

የሚገባበት የትኛው እንደሆነ የስድስት ዓመቱ ልጅሽ ወስኖልሻል። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። መግቢያው ነፃ ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገንዘብ ያልከፈለ ሰው ልጁ ሲያለቅስ «የከፈልነው ይቃጠላል» ሳይል መውጣት ይችላል። ነፃ ቢሆንም ቀደም ብላችሁ በድረ ገጹ ላይ ሰዓት ብታስይዙ ይሻላል። ቅዳሜና የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲገጣጠሙ ሰልፉ ረጅም ነው፤ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሚዘጉት ሐምሌ አጋማሽ ገደማ ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ። እዚህ የምጽፍልሽ ሰዓት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው። ትኬቱና የበሩ ሰሌዳ ላይ የምታገኙት የፈረንጁ ነው። ሙዚየሙ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይከፈታል፤ እነሱ 10 ብለው ይጽፉታል። በዚህ ተምታቶበት በሩ ላይ የሚደርቅ አበሻ አይጠፋም።

ሰዓት ካነሳን አይቀር፣ የቀኑን ዕቅድ ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። በበጋቸው የለንደን ሰዓት ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ወደኋላ ነው። አዲስ አበባ ጠዋት 1 ሰዓት የሚነቁ ልጆች ለንደን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አልጋው ላይ መዝለል ይጀምራሉ። ማታ 2 ሰዓት የሚተኙ ከሆነ ደግሞ ለንደን ገና 12 ሰዓት ሲል ዓይናቸው ይከደናል። ሰውነታቸው አዲሱን ሰዓት እስኪለምድ ጥቂት ቀን ይፈጃል። ቅዳሜዋ በደረሳችሁ ሰሞን ከሆነች ጠዋቱ ወርቅ ነው፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ግን ዕዳ ነው። ፀሐይዋ አታታልላችሁ። ሐምሌ ላይ ለንደን የሚመሸው ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው። ትልቅ ሰው ብርሃኑን አይቶ «ገና ነው እኮ» ይላል፤ ሕፃኑ ግን መንገድ ላይ ይንከባለላል።

ስለዚህ ከቤት 3 ሰዓት ሳይሞላ ውጡ። ጠዋት ለፍጥነት በምድር ውስጥ ባቡር ሂዱ፤ የምትወርዱት ሳውዝ ኬንሲንግተን ነው። ከጣቢያው እስከ ሙዚየሞቹ የሚያደርስ የእግረኛ ዋሻ አለ፤ መኪና መንገድ አታቋርጡም። ልጆቻችሁ አይከፍሉም። ከ11 ዓመት በታች ያሉ፣ ከፋይ ትልቅ ሰው አብሯቸው ካለ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ ነፃ ናቸው፤ አውቶቡስም ላይ እንዲሁ። እናንተ ግን በአንድ ካርድ ሁለታችሁ ማለፍ አትችሉም። ለየራስ ካርድ ያስፈልጋል። አውቶቡስ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ መቀበል ካቆመ ዓመታት ስላለፉት የባንክ ካርዳችሁ የማይሠራ ከሆነ ኦይስተር የሚባለውን ካርድ ቀድማችሁ ግዙ።

ሙዚየሙ እንደተከፈተ ሌላ ነገር ሳታዩ በቀጥታ ወደ ዳይኖሰሮቹ ሂዱ። አዳራሹ ጠባብ ነው፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው። መንገዱ ላይ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ቲ ሬክስ ቆሟል። ማሽን ነው፤ ጭንቅላቱን ወደ ሰው ያዞራል፣ አፉን ይከፍታል፣ ያገሳል። ወንዱ ልጅሽ ከዚያ ላይነሳ ይችላል። ሴቷ ግን ምናልባት አንገትሽ ላይ ትጠመጠማለች። አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ አንዱ ከሱ ጋር ይቁም፣ ሌላው እሷን ይዞ ወደ ትልቁ አዳራሽ ይውጣ። እዚያ ከጣሪያው ላይ የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አፅም ተንጠልጥሏል። ርዝመቱ 25 ሜትር ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው የተሰቀለው። ልክ ወደ ውኃ እንደሚጠልቅ አፉን ከፍቶ ቁልቁል ነው የሚመጣው። ሦስት ዓመት ለሆናት ልጅ ይህን ለማየት ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተጋድማ ካየችው ደግሞ ቅር አይበልሽ፣ ብዙ ልጅ እንዲያ ያደርጋል።

ከሁለት ሰዓት በላይ አትቆዩ። ሰውየሽ «ማዕድናቱን አላየንም» ሊል ይችላል። አላያችሁም፤ ይሁን። ልጆቹ «ትንሽ እንቆይ» እያሉ ብትወጡ ቀኑ ይተርፋል። «በቃኝ» እስኪሉ ከጠበቃችሁ ግን የሚቀጥለው ነገር ለቅሶ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉም መጸዳጃ ቤት ይግባ። «አልመጣብኝም» የሚለውም ይግባ። መሀል ከተማ ውስጥ የሕዝብ መጸዳጃ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ የሚያስከፍሉም አሉ።

ምሳውን ከእህትሽ ቤት ቋጥራችሁ ሂዱ። የሙዚየም ካፌ ውድ ነው፤ ከዋጋው ይልቅ ደግሞ ሰልፉ ነው የሚያሳብደው። ልጆቹ በሆዳቸው ሰዓት ቀድመው ይርባቸዋልና 6 ሰዓት ሳይሞላ አብሏቸው። ከሙዚየሙ ደጅ እ.ኤ.አ. በ2024 የተከፈተ የአትክልት ስፍራ አለ። እዚያ ከነሐስ የተሠራ የዲፕሎዶከስ አፅም ቆሟል። ልጁ ዳይኖሰሩን እያየ ይበላል፣ ታናሽ እህቱ ትሮጣለች፣ እናንተ ትቀመጣላችሁ። ውኃ አትግዙ፤ የለንደን የቧንቧ ውኃ ይጠጣል፣ ጠርሙሳችሁን ሙሉ።

አሁን ወደ አውቶቡሱ። እኔ ብሆን ለአስጎብኚ አውቶቡስ አልከፍልም። ተራው ባለ ሁለት ፎቅ ቀይ አውቶቡስ ይበቃል። ከናይትስብሪጅ ወደ ትራፋልጋር አደባባይ የሚሄደውን ያዙና አንቺና ልጁ ፎቅ ውጡ። የፊተኛው ወንበር ካልተያዘ ሩጡና ያዙት። መስታወቱ ሰፊ ነው፤ የዛፉ ቅርንጫፍ ግንባርሽን የሚመታሽ ነው የሚመስለው። ሃይድ ፓርክ በግራ በኩል ያልፋል፤ አንዱን ከዝርዝሩ ሰርዙ። አባትየው ምድር ቤት ከሴቷ ጋር ይቀራል። ሰዓቱ የእንቅልፏ ሰዓት ነው፤ አውቶቡስ ደግሞ እያወዛወዘ ያስተኛል። መንገድ ቢዘጋጋ እሰየው፣ እንቅልፏ ይረዝማል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወርዳችሁ ሌላ አውቶቡስ ብትይዙ፣ በዚያው ካርድ ከሆነ፣ እንደገና አያስከፍላችሁም።

ትራፋልጋር ወርዳችሁ ዋይትሆል በሚባለው ጎዳና ቁልቁል ጥቂት ብትራመዱ ሆርስ ጋርድስ የሚባለው የዘበኞች በር ጋ ትደርሳላችሁ። ባለቤትሽ ዝርዝር ውስጥ ያልገባ፣ ልጆቹ ግን የማይረሱት ቦታ ይሄ ይመስለኛል። ሁለት ወታደሮች የሚያብረቀርቅ የራስ ቁር ደፍተው፣ ሰይፍ ይዘው፣ ፈረስ ላይ ተቀምጠው መንገድ ዳር ቆመዋል። ከ4 እስከ 10 ሰዓት ድረስ አሉ፤ በየሰዓቱ ይቀያየራሉ። አጥር የለም፣ ትኬት የለም። ፈረሱ ሲያናፋ ይሰማል። ወታደሩ ግን ልጅሽ ምንም ቢያደርግ አይስቅም። ግድግዳው ላይ ፈረሶቹ ሊራገጡና ሊነክሱ እንደሚችሉ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ አለ። እውነቱን ነው፣ ልጓም አይነካም።

«የባኪንግሃሙ የዘብ ቅያሬስ?» ይል ይሆናል። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና እሑድ ነው፤ ቅዳሜ ላይ አትቁጠሩት። ቢኖርም አልመክርም። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ መጠበቅ አለ፤ ቁመቷ ከወገብሽ የማይበልጥ ልጅ የምታየው የሰው ቂጥ ብቻ ነው።

በዘበኞቹ በር ውስጥ ለውስጥ አልፋችሁ ሰፊውን ሜዳ ስታቋርጡ ሴንት ጄምስ ፓርክ ነው። ሐይቁ ላይ ፔሊካን የሚባሉ ትልልቅ የውኃ ወፎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1664 የሩሲያ አምባሳደር ለንጉሡ ስጦታ ካመጣቸው ጀምሮ እዚያው ናቸው፣ የዛሬዎቹ የዚያን ጊዜዎቹ ባይሆኑም። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ዓሣ ይሰጧቸዋል። መንቁራቸው ሥር ያለው ከረጢት ሲነፋ ሦስት ዓመቷ ልጅ ትስቃለች ብዬ እገምታለሁ፤ ካልተኛች ነው እንግዲህ። ከተኛች አትቀስቅሷት። ለፔሊካን ብሎ የተኛ ልጅ የሚቀሰቅስ ሰው የሚደርስበትን አንቺ ታውቂያለሽ።

ሐይቁን የሚያቋርጠው ድልድይ ላይ ቁሙ። በአንድ በኩል ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት፣ በሌላው በኩል ከዛፎቹ በላይ ለንደን አይ ይታያል። ፎቶ አንሱ፣ ሁለቱን ሰርዙ። ቤተ መንግሥቱ አቅራቢያ አሸዋ ያለበት የልጆች መጫወቻ አለ። የቀረውን ጊዜ ለዚያ ስጡት። ከሩቅ አገር መጥቶ አሸዋ መቆፈር ለትልቅ ሰው ሞኝነት ይመስላል፤ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ «ተው፣ አትንካ፣ ና» ሲባል የዋለ ነው። አንድ ቦታ ላይ የራሱ ጌታ ይሁን።

10 ሰዓት ሲል ቢግ ቤን አጠገብ ብትገኙ ጥሩ ነው። ደወሉ 13.7 ቶን ይመዝናል፤ ሰዓቱ ሲሞላ ይሰማል። ልጁ ይቁጠር። አራት ጊዜ ሲመታ «አራት ሰዓት ነው» ይላል፣ አባቱ «አሥር ነው» ይለዋል። ይህን እናንተ ጨርሱት።

እዚያ ስትደርሱ የልጆቹን ፊት እዪ። ደህና ከሆኑ ከዌስትሚንስተር ወደብ በወንዙ ጀልባ እስከ ታወር ድረስ ሂዱና ታወር ብሪጅን ከውኃው ላይ አሳዩአቸው። ከ5 ዓመት በታች በጀልባው አይከፍሉም። ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከተማው በፊቱ ሲያልፍ ማየቱ ለደከመ እግር ጥሩ ነው። ፊታቸው ከተቆጣ ግን ወደ ቤት። ጀልባው ለመጨረሻ ብቻ እንጂ ለግዴታ አይደለም።

ጨርሶ የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው። ማዳም ቱሶ ውድ ነው፤ በሰም የተሠራ የማታውቀው ሰው ለሦስት ዓመት ልጅ አስፈሪ ነው እንጂ አዝናኝ አይደለም። ዓይንሽን ጨፍነሽ ሰርዢው። ታወር ኦፍ ለንደን ደስ ይላል፤ ግን ድንጋዩ ወጣ ገባ፣ ደረጃው ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ልጆቹ ሲያድጉ ይሻላል። ለንደን አይ ላይ ካልወጣን የሚል ክርክር ከተነሳ ደግሞ ይህን ንገሪው፦ አንድ ዙር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ መሀል ላይ ሽንት ቢመጣ መውረጃ የለም።

ብሪቲሽ ሙዚየምን ለባለቤትሽ ተይለት። ዓርብ ዓርብ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ክፍት ነው። ልጆቹ 12 ሰዓት ላይ ሲተኙ እሱ ብቻውን ይሂድና ይጥገብ። ከመቅደላ የተወሰዱትን ታቦታት አያለሁ ብሎ አስቦ ከሆነ ግን አስቀድሞ ይወቀው። ለሕዝብ አይታዩም፤ በዕቃ ቤት ነው የተቀመጡት። ይህ ምሽት ያኮረፈ ባል እንደሚመልስልሽ ተስፋ አለኝ። በሌላ ቀን ያንቺም ተራ ይኑር፣ አደራ።

ጋሪው ይያዝ። «እኛ በአንቀልባ አድገን የለም ወይ» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ እሱ ይዘላት። የሦስት ዓመት ልጅ ጠዋት ትራመዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ግን ክብደቷ እጥፍ ይሆናል። ጋሪው ቀላልና በአንድ እጅ የሚታጠፍ ይሁን፤ ትልቁን ባለ ብዙ ኪስ አትውሰዱ። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው፤ ከጣቢያዎቹ ደረጃ ሳይወጡ ባቡሩ ጋ መድረስ የሚቻለው ሲሶ ያህሉ ላይ ብቻ ነው። የቀሩት ላይ ጋሪውን ትሸከማላችሁ። ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ልጅዋን አውርዳችሁ ጋሪውን እጠፉት፣ በስተቀኝ ቁሙ፤ ግራው ለሚቸኩል ነው። አውቶቡስ ላይ የጋሪው ቦታ የዊልቸር ቦታም ነው። ዊልቸር ከመጣ ቅድሚያው የእሱ ነው፣ ማጠፍ አለባችሁ።

ስለ መጥፋት ደግሞ የምነግርሽ ይሄ ነው። ልጅ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አብረው ሲኖሩ ነው፤ አንዱ ሌላው የያዘው ይመስለዋል። ስለዚህ ልጆቹን በስም ተከፋፈሉ። ወንዱ የአባቱ፣ ሴቷ ያንቺ። ስትቀያየሩ በቃል ተረካከቡ፤ «ያዝካት?» «ያዝኳት» ተባባሉ። ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ሁለቱንም ሙሉ ቁመታቸውን ፎቶ አንሷቸው። ሰው ሲደነግጥ ልጁ ምን ዓይነት ሹራብ እንደለበሰ ይጠፋዋል። የእህትሽን ስልክ፣ የእንግሊዝ ቁጥሩን፣ ክንዳቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። የናንተ ሲም እዚያ ላይሠራ ይችላል።

ወንዱ ልጅሽ ስምሽን ያውቃል? «እማዬ» የሚለውን ሳይሆን ሙሉ ስምሽን። ብዙ ልጅ አያውቅም። ከመሄዳችሁ በፊት አስጠኚው። ከጠፋ ባለበት እንዲቆም፣ የሠራተኛ ልብስ የለበሰ ሰው ወይም ልጅ የያዘች እናት ካየ ስምሽን እንዲነግር፣ ከማንም ጋር ከቦታው እንዳይሄድ ንገሪው። ባቡር ስትገቡ አንድ ትልቅ ሰው ቀድሞ፣ ልጆች መሀል፣ ሌላው ትልቅ ሰው መጨረሻ። በሩ ማንንም አይጠብቅም። እንዲያም ሆኖ አንዱ ትልቅ ሰው ቢቀር፣ የተሳፈሩት በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደው ባቡሩ ዳር ይጠብቁት። የጣቢያ ሠራተኛ ለመጥራት አትፈሩ። ለፖሊስ 999 ነው።

ለዝናቡ ቀላል ጃኬት ይዛችሁ ውጡ፤ እንደኛ ሐምሌ አይደለም፣ ግን አይታመንም። አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ሶፍት፣ ፓወር ባንክ። ከዚህ በላይ ከያዛችሁ የምትጎበኙት ቦርሳችሁን ነው።

አሁን ገና ጊዜ ስላለ ለልጆቹ አውሩላቸው። ለወንዱ ቲ ሬክሱ ማሽን መሆኑን ንገሪው፣ ያ ደስታውን አይቀንስበትም። ለሴቷ የፈረሱን ሥዕል አሳያትና «በዓይን ነው የሚታየው» ብለሽ አለማምጃት። ባለቤትሽን ደግሞ የዓርቡን ምሽት አስቀድመሽ ንገሪው፤ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት።